በአሥራ ሦስተኛው ወር ስለ መጣው አውሎ ነፋስ

ፍራንክፈርት፣ ግሪስሃይም
ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በእናንተ 9.9.2025። ሁለቱንም የጻፍኩበትን ምክንያት ወደ ታች ያገኙታል።)

ለተከበሩ የሦስተኛ ፎቅ የቤተሰብ ጉዳይ ኃላፊ፣
ባሉበት፤ ከሌሉም በርዎ ላይ ከተለጠፈው «ዛሬ አገልግሎት የለም» ከሚለው ወረቀት አጠገብ፤

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። በሚያዝያ የነበረን ቴርሚን፣ ቀጠሯችን ማለቴ ነው፣ በሕመምዎ ምክንያት ተሰረዘ፤ በሰኔ የነበረንም በሕመም ምክንያት ተሰረዘ፤ በነሐሴ ሦስተኛው ሲሰረዝ እኔም ተጨነቅሁና ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራሁልዎ። ስምዎን ስለማላውቅ «ለሦስተኛ ፎቅ» ብዬ ነው ያበራሁት፤ እግዚአብሔር ፎቁን አያጣውም። እንግዲህ ጉንፋኑም፣ ወገቡም፣ ሌላውም ሁሉ ለቅቆዎት፣ ይህ ደብዳቤ ቢያንስ እስከ ሐሙስ ድረስ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ።

እኔ ውድነሽ እባላለሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ከሚያርፉት አውሮፕላኖች መንገደኛው ሲወርድ ገብተን ከምናጸዳው ሴቶች አንዷ ነኝ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የጎደለ ነገር ካገኙ ለዚያ ይያዙልኝ። በአማርኛ የጻፍኩትም በጀርመንኛ ስናደድ ቃላቱ ጥለውኝ ስለሚሄዱ ነው፤ በአማርኛ ግን ተናድጄም ጨዋ ነኝ። ልጄ መቅዲ ወደ ጀርመንኛ ትመልሰዋለች፤ የጀርመንኛው የእርስዎ ነው። የአማርኛው በማኅበራችን መጽሔት ላይ ወጥቶ፣ ከሽቫንሃይም ሰፈር እስከ ኖርድኤንድ ፊደል ለቆጠረ ሰው ሁሉ ይደርሳል። የሁለት ሰው ጉዳይ ለምን የአደባባይ እንዳደረግሁት መጨረሻው ላይ እነግርዎታለሁ። ለጊዜው ተጠራጣሪ ሴት ናት ብለው ይለፉኝ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ የተማርኩት ነው።

ጉዳዩ የታናሽ እህቴ የጽገ ነው። ባሏ ምንያህል እዚሁ ከተማ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል፤ ሚስቱን ከሊቢያ ለማምጣት ለመሥሪያ ቤትዎ ካመለከተ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። እሱ ዝምተኛ ነው። ደብዳቤ ሲመጣለት አጥፎ ኪሱ ይከተውና ሰው ሊያጥብ፣ ሰው ሊያጎርስ ወደ ሥራው ይሄዳል። ስለዚህ የምናገረው እኔ ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤዎ እስከ 11.9 ድረስ ሦስት ነገር ካላቀረብን ፋይሉ እንደሚዘጋ ይነግረናል፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ዋናው፣ ይህ ወረቀት በአውሎ ነፋስ መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ጽገ ትኖርባት ከነበረችው የሊቢያ ከተማ ከደርና ማዘጋጃ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ፣ እንዲሁም «06.13.2015» የተባለው ቀን ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ። ፋይሉ ከተዘጋ ጽገ ሊቢያ ቀረች ማለት ነው። 11.9 በእኛ መስከረም አንድ፣ የአዲስ ዓመታችን ቀን ነው። ቀኑን አስበው የመረጡልን ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሳያስቡት ከሆነም እግዜር ይስጥልኝ።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ ቅር ያሰኘኝን በቁጥር ላስቀምጥ።

1. ስለ ፖስታው። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን 28.8 ነው። ፖስታው ላይ የተመታው ማኅተም 4.9 ነው። ከሳጥናችን ያወጣሁት ቅዳሜ፣ 6.9 ነው። ከሰጡን አሥራ አራት ቀን ውስጥ ዘጠኙን ደብዳቤው በመንገድ ስንቅ አድርጎ በልቶ መጣ። እኔ ፖስታ አልጥልም፤ ሁሉንም በጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ማየት ቢፈልጉ ይዤ እመጣለሁ። አንድ ደብዳቤ ሳምንት ሙሉ ሳይረበሽ የሚያርፍበት ጥሩ ቦታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መኖሩን በማወቄ ግን ደስ ብሎኛል። እኛም ብናርፍ የምንልበት ጊዜ አለ።

2. ስለ ባሕሩ። ጽገ በቃሏ «ሀሪኬን የሚመስል ነፋስ» ብላለች። እርስዎ ደግሞ እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ በሞቃታማው ውቅያኖስ እንጂ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ «በልምድ እንደሚታወቀው አይከሰትም» ብለው መልሰዋል። መቅዲ ይህን ስታነብልኝ ቆም አለችና «ማማ፣ ዳስ ሽቲምት ኒሽት» አለችኝ፤ ትክክል አይደለም ማለቷ ነው። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ተምረውታል ለካ። ስምም አለው፤ ሜዲኬን ይሉታል። የባሕሩ ውሃ በእናንተ በጋ በፀሐይ ሲሞቅ ይከርምና መስከረም ገደማ ደመናው በላዩ መዞር ይጀምራል፣ መካከሉ ላይም ዓይን ያወጣል፤ ልጄ በደብተሯ ላይ ስላ አሳየችኝ። እንግዲህ መንግሥት በትምህርት ቤቱ ለልጄ «አለ» እያለ ያስተምራል፣ በመሥሪያ ቤቱ ለእህቴ «የለም» ይላል። መቅዲ ፈተና ላይ የእርስዎን መልስ ብትጽፍ ስድስት ታገኝ ነበር፤ እዚህ አገር ስድስት ማለት ከወደቁትም በታች እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

የልጅ ደብተር ማስረጃ አይሆንም ካሉ የእኔን መጥረጊያ ይጠይቁ። ያ ነፋስ፣ ዳንኤል ብለው ስም ያወጡለት፣ ሊቢያ ከመድረሱ በፊት ግሪክ ላይ ቀናት ሙሉ አዝንቧል። በዚያ ሳምንት ከግሪክ የመጡ አውሮፕላኖችን አጽድቻለሁ። የመንገደኛው ጫማ ሁሉ ጭቃ ነበር፤ ቀላ ያለ፣ ምንጣፉ ውስጥ ገብቶ የሚነክስ ጭቃ። ተንበርክኬ በብሩሽ ፈትጌ አወጣሁት። ዕረፍታቸው የተበላሸባቸው ሰዎች ናቸው ብዬ አዘንኩላቸው እንጂ፣ ያው ነፋስ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ እህቴ እየሄደ መሆኑን አላወቅሁም። እሱ ለመሻገር ቴርሚን አላስፈለገውም። በርዎ ሲከፈት ያየሁት፣ ከወንበርዎ ጀርባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል፣ ነጩ ቤትና ሰማያዊው ባሕር፣ ግሪክ አይደለም እንዴ? የምንነጋገረው ስለዚያ ባሕር ነው። ዞር ብለው ቢያዩት ይበቃ ነበር።

3. ስለ ወሩ። እዚህ ላይ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠረጥሩ። ጽገ ከጎርፉ በኋላ ከሸሸችባት ከቤንጋዚ በስልክ እየነገረችኝ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። «ቀኑን መቼ ልበል?» ስላት «ለጳጉሜ ስድስት አጥቢያ፤ ይኼ ይረሳሻል?» አለችኝ። አይረሳኝም። እጄም አላመነታም፤ ስድስት፣ ነጥብ፣ አሥራ ሦስት፣ ነጥብ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት። በዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ኪራዬን በእናንተ ቀን እከፍላለሁ፣ ፈረቃዬን በእናንተ ሰዓት እገባለሁ፤ በዓልና ሐዘን ግን የሚመጣብኝ በራሴ አቆጣጠር ነው። ያንን ቀን ወደ እናንተ ቀን መለወጥ አለብኝ ብዬ በሐሳቤም አልመጣም።

እርስዎም በትጋት መርምረው፣ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል እንደሌለ፣ በ2015 ደግሞ አመልካቿ በራሷ ቃል ገና ካርቱም እንደነበረች፣ ስለዚህ ታሪኩ እርስ በርሱ እንደሚጋጭ ጻፉ። በስልክ ቢጠይቁኝ ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነበር። አሁንም ልንገርዎ፦ የእኛ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ነው። አሥራ ሦስተኛዋ ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ማለት በእናንተ 11.9.2023 ነው። ያቺ ስድስተኛ ቀን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም፤ ዘንድሮም የለችም። የሞቱትን በቀናቸው ላስባቸው የሚል ሰው እስከ 2019 መጠበቅ አለበት። በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ደግሞ መቼም አልሞቱም፤ ቀኑ የለማ።

እሁድ፣ ጳጉሜ አምስት ማታ፣ ጽገ ደውላልኝ ነበር። በሠራተኝነት ከምትኖርባቸው ከሐጃ ሳፍያ ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ እያነሳች ነው። «እትዬ፣ የጳጉሜ ዝናብ እዚህ ድረስ ፈልጎ አገኘኝ» ብላ ሳቀች። እኛ ዘንድ የጳጉሜ ዝናብ ጠበል ነው፤ በልጅነታችን ሁለታችንም ደጅ ወጥተን ጥርሳችን እስኪንቀጫቀጭ እንቆምበት ነበር። «ለእኔም ታጠቢልኝ» አልኳት። ከአፌ ከወጣ ቃል ሁሉ መልሼ ብውጠው የምወደው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ስልኳ አራት ቀን አልጠራም።

በዚያው ሌሊት ከከተማው በላይ ያሉት ሁለት ግድቦች ተደረመሱ። ጽገ አሮጊቷን ሐጃ ሳፍያን አቅፋ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከሩን ተደግፋ አነጋች። ሲነጋ ፊት ለፊታቸው የነበረው መንገድ የለም፤ ከመንገዱ ማዶ የነበሩት ቤቶችም የሉም። ታች ተኝተው የነበሩት የሐጃ ሳፍያ ልጅና ምራት አልተገኙም። የጽገ ወረቀቶች የነበሩበት የብስኩት ቆርቆሮም እዚያው ታች ነበር። እርስዎ የጠየቁን ስለ ቆርቆሮው ብቻ ስለሆነ በቅጹ ላይ ስለ እሱ ብቻ መልሰናል።

ትላንት ሩፋኤል ነበር፤ ከጳጉሜም ዝናቡ ይበልጥ የሚናፈቅበት ቀን ነው። እዚህም አካፋ። ከላይ ፎቅ ያሉት የአገሬ ልጆች ሕፃናቱን ይዘው በረንዳ ወጡ፤ ሲስቁ እሰማቸው ነበር። እኔ መስኮቱን ዘጋሁ።

4. ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ። ከከተማው ሩቡ ያህል ወደ ባሕር ሄዷል። ማኅተም የሚመታው ሰው በሕይወት ተርፎ ከሆነ የራሱን ሰዎች ፈልጎ አልጨረሰም ይሆናል። ሆኖም የእርስዎን ትእዛዝ ችላ አላልንም፤ ጽገ ከቤንጋዚ ተመልሳ ሄዳ ተሰለፈች። ሰልፉ ላይ ከፊቷ የነበሩ አንድ አባት ለምን እንደመጣች ጠየቋት፤ ስትነግራቸው «ልጄ፣ እኛ የሰው መጥፋት የሚጽፍልን አጥተን ነው የቆምነው» ብለው ተራቸውን ሊለቁላት ፈለጉ። አፈረችና ወጣች። ዋናውን ከተጋባችሁበት ቦታ አስጽፉ እንዳይሉን ደግሞ፣ የተጋቡት ካርቱም ባለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ካርቱም ምን እንደሆነች በዜና ሰምተው ይሆናል፤ ወይም እሱም በልምድ አይከሰት ይሆናል።

5. ስለ እናንተ ውሃ። ይህን መጨረሻ ያደረግሁት ስለሚያሳፍረኝ ነው፤ በእርስዎ ፈንታ ማለቴ ነው። በሰኔ፣ 24.6 የተጻፈ ሌላ ደብዳቤ ደርሶን ነበር። በጣለው ከባድ ዝናብ ኬለራችሁ፣ ማለትም የመዝገብ ምድር ቤታችሁ ውስጥ ውሃ ስለገባ፣ አንዳንድ አባሪ ወረቀቶች «ከጥቅም ውጭ» ስለሆኑ በድጋሚ እንድናስገባ ይጠይቃል። ከነዚያ አንዱ ምንያህል አስቀድሞ፣ ከአውሎ ነፋሱ በፊት፣ ለእናንተ ያስረከበው በማኅተም የተረጋገጠ የጋብቻ ወረቀታቸው ኮፒ ነው። ዋናውን ባሕር ወስዶታል። በምድር ላይ የቀረው ያ ኮፒ ብቻ ነበር፤ ያም በእናንተ እጅ ነበር። ደብዳቤው ሲያበቃ «ስለሚረዱን እናመሰግናለን» ይላል።

እኛም ተረዳን። እውነት ዘንቦ እንደነበር ከከተማው ማዘጋጃ ቤት አስጽፉ አላልንም። ፍራንክፈርት ላይ ኬለር የሚሞላ ዝናብ በልምድ አይታወቅም አላልንም። ወሩ የትኛው ወር ነው አላልንም። የግማሽ ሰዓት ዝናብ የእናንተን ወረቀት አጠፋ ስትሉ በቃላችሁ አመንን፤ ግድብ ያፈረሰ ውሃ የእኛን ወረቀት አጠፋ ስንል ማኅተም አምጡ ተባልን።

አንዲት ነገር ግን ከነከነችኝ። የነሐሴው ደብዳቤዎ ሁለተኛ ገጽ «በቁጥር 87 የተመዘገበው የጋብቻ ምስክር ወረቀት» ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን እኛ በየትኛውም ቅጽ ላይ ጽፈነው አናውቅም፤ ቅጹም ቦታ የለውም፤ ያለው ወረቀቱ ግርጌ ላይ ብቻ ነው። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ወረቀቱ ይኖር እንደሆነ ምንያህልን ልኬ በመስኮቱ አስጠየቅሁ፤ የለም ተባለ። እንግዲህ በሰኔ ከጥቅም ውጭ የሆነ ወረቀት በነሐሴ ቁጥሩን ለማን ተናገረ? እኔ ማንንም አልከስም። መጥረጊያ የያዘ ሰው ግን ጥግ ጥጉን ማየት ይለምድበታል።

ክቡርነትዎ፣ ይህን ሁሉ ታግሠው ካነበቡልኝ፣ አራት ዓመት ሙሉ ስላሳዩን ጥንቃቄ፣ እህቴን ሳያምኗት በመቅረትዎ ለእያንዳንዷ ቃሏ ስለሰጡት ክብደት፣ የማላውቀውንም ባሕር ስላስጠኑኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ፎቅዎ ከጎርፍ፣ ወንበርዎ ከንፋስ፣ ወረቀትዎም ከእርጥበት ይጠበቅ።

የፋይላችንን ቁጥር ከልደቷ ቀን ይልቅ በቃሏ የያዘች፣ ፖስታ የማትጥል፣ በየዓመቱ ከእናንተ በአንድ ወር ለምትበልጥ ዕድሜዋ እውቅና የምትለምን፣ ትሑት ባለጉዳይዎ

ውድነሽ
የጽገ እህት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦

ደብዳቤውን ለሁሉ ያደረግሁበትን ምክንያት እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ከትላንት በስቲያ በአሥራ አንድ ቁጥር ትራም ከሥራ ስመለስ፣ ከጽገ ጋር በስልክ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ወረቀቱ አወራ ነበር። ስዘጋ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና «ጓለይ፣ ጽገና ምንያህል ነው ያልሽው? ካርቱም የተጋቡት?» አሉኝ፤ ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። አደይ፣ እናቴ እንደማለት፣ አደይ ዓዚዛ ይባላሉ፤ ኤርትራዊት ናቸው። የእናንተን ሕንጻ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጽድተው በሐምሌ ጡረታ ወጥተዋል፤ ስለዚህ አይፈልጓቸው፣ የሚያባርሯቸው ቦታ የለም። የሰኔውን ውሃ ከኬለሩ የቀዱት እሳቸው ናቸው። «ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ነበር» ይላሉ፤ የታችኛውን መደርደሪያ ብቻ ነው ያረጠበው። የረጠቡትን ወረቀቶች በፎጣ እየጫኑ አንድ በአንድ አደረቋቸው። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ እሳቸው ማንበብ የቻሉት አንዱን ብቻ ነበር፤ በልጅነታቸው አስመራ በአማርኛ ነው የተማሩት፣ ይህም በአማርኛ ነበር። «ስሞቹን ሳነብ ሙሽሮቹን ያየሁ መሰለኝ፤ ማኅተሙም አልፈሰሰም» አሉኝ።

ሁሉንም በሰማያዊ ሳጥን ከተው ሦስተኛ ፎቅ አወጡት፤ ያገኙት ሰውዬ ያንኑ የአማርኛ ወረቀት አንስቶ ግርጌውን አየት አደረገና «ጉት፣ ጉት»፣ ጥሩ ጥሩ፣ ብሎ አለፈ። ቦታ ስላልሰጣቸው ሻይ ቤታችሁ ውስጥ ካለው ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከገና ጌጣጌጡ ጀርባ አስቀመጡት። የገና ጌጥ የሚወርደው በታኅሣሥ ነው። የእኛ ቀን ሐሙስ ነው። ብዙ ሰው ያወቀው ሳጥን ደግሞ በራሱ እግር አይጠፋም፤ ለሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን 2018፣ በእናንተ 11.9.2025፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በእናንተ ስምንት ሰዓት፣ ምንያህልና እኔ በርዎ ላይ እንገኛለን፤ እንዳንጋጭ ሁሉንም በሁለቱም ጽፌዋለሁ። ለመድረስ እንዳይቸገሩ በማለት ወንበር ይዘን ልንመጣ አስበን ነበር፤ ኋላ ግን ተውነው። አደይ ዓዚዛ አብረውን ይመጣሉ፣ መሰላሉ የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ።